የጤና አዳም ቅጠል፣ የፀሐይ ጨረርና የካንሰር ሕዋስ

አንባቢ ሆይ! ከጦር ኃይሎች ተነሥተህ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ የምትመላለስ ከሆነ፣ የአለርት ሆስፒታልን በር ሳታልፍ የምትውልበት ቀን የለም። በታክሲ ወይም በአውቶቡስ መስኮት ወደ ውጭ ስትመለከት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ የተከናነበች ሴት፣ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ጥላ ጥላውን የሚሄድ ወጣት ሳታይ አትቀርም። ሌላው መንገደኛ የጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ከግንብ ሥር ሲጠጋ፣ እነዚህ ሰዎች ከፀሐይ ይሸሻሉ። ስለ ምን ይሆን ብለህ ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህን?

ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት ስለዚያችው ፀሐይ ነው። የፀሐይ ብርሃን የሰውን ቆዳ ሊያሳምምና እስከ ካንሰር ሊያደርስ እንደሚችል ሰምተህ ይሆናል። ነገር ግን ያው ብርሃን በሐኪም እጅ ሲገባና ተስማሚ መድኃኒት ሲገጥመው፣ አያቶቻችን ነቀርሳ የሚሉትን የካንሰርን ሕዋስ የሚገድል መሣሪያ ይሆናል። ነገሩ እንግዳ ቢመስልህ አትደነቅ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግህም፤ በጓሮ ካለችው ከጤና አዳም እንጀምራለን።

የእማማ ዘውዴ መድኃኒት

እስቲ ለምሳሌ ያህል ይህን በሐሳብህ ሣል። ኮልፌ ውስጥ ከአንዲት እናት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተህ ትኖራለህ እንበል። ስማቸውን እማማ ዘውዴ እንበላቸው። አንድ እሑድ ጠዋት መጽሐፍህን ይዘህ ብትወጣ፣ እማማ ዘውዴ የልጅ ልጃቸውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ ከጓሮ የቀጠፉትን ጤና አዳም እየጨመቁ ክንዷን ሲያሹት ታያለህ። በልጅቱ ክንድ ላይ ሳንቲም የሚያህል ነጭ ምልክት ወጥቷል።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ።

«ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ ይህ ለምጽ እንዳይሰፋባት በጤና አዳም አሽቼ ፀሐይ ላይ ላስቀምጣት ነው። ጤና አዳም ምን ክፉ አለው? ስሙስ ጤና አይደል?» ይሉሃል።

አንተም ነገሩ ቀላል መስሎህ ወደ ንባብህ ትመለሳለህ። በማግሥቱ የልጅቱ ክንድ ይቀላል፤ በሦስተኛው ቀን በእሳት የተቃጠለ ይመስል ውኃ ይቋጥራል። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ቅጠሉን የቀጠፉበት እጅ ጥሩ አልነበረም» ትላለች። እማማ ዘውዴ ግን «ትናንት ቡናዬ ላይ የጣልኩት ያው ቅጠል አይደለምን? እኔን ምን አደረገኝ?» እያሉ ይጨነቃሉ።

የእማማ ዘውዴ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም ዓይን ወይም እርግማን አይደለም፤ ኬሚስትሪ ነው። ጤና አዳም በቅጠሏና በፍሬዋ ውስጥ ሶራሌን፣ በርጋፕቴንና ዛንቶቶክሲን የሚባሉ እርስ በርሳቸው የሚዛመዱ ቅመሞች አሏት። ተክሏ እነዚህን የምታዘጋጀው ተባይና ሻጋታ እንዳያጠቋት ለመከላከያ ነው። ቅመሞቹ በጨለማ ሲቀመጡ እንደ ተኛ ሰው ናቸው፤ በቆዳ ላይ ቢቀቡም ያን ያህል ጉዳት አያደርሱም። ቆዳው ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይነቃሉ። ቃጠሎው የሚመጣው ከጭማቂውና ከብርሃኑ አንድነት እንጂ ከአንዱ ብቻ አይደለም። በቡና ላይ የምትጣለው አንዲት ቀንበጥ እማማ ዘውዴን ያልጎዳቻቸውም ስለዚህ ነው። የሎሚ ጭማቂም እንደዚሁ ነው። በፀሐይ ላይ ሎሚ ሲጨምቅ የዋለ ሰው በማግሥቱ እጁ ቢቀላና በኋላም ለብዙ ሳምንት ቢጠቁር፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከአባይ ዳር የተገኘ ጥበብ

እማማ ዘውዴን ግን አትሳቅባቸው። የሐሳባቸው መሠረት በዓለም የታወቀ ነውና። የእኛው አባይ በሚያጠጣው በግብፅ ምድር አሚ ማጁስ የሚባል፣ ነጭ አበባ ያለው ተክል ይበቅላል። ይህ ተክል ከጤና አዳም ጋር አንድ ዓይነት ቅመም አለው። የዓረብ ሐኪሞች ለምጽ የወጣበትን ሰው ከዚህ ተክል ዘር እያበሉ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥን ያውቁ ነበር፤ የ13ኛው መቶ ዓመት የመድኃኒት ሊቅ ኢብን አል-በይጣር ስለዚሁ ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርባቸው ዘመናት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲ የተባሉት የካይሮ የቆዳ ሐኪም፣ ከዚህ ተክል ተጣርቶ የወጣውን ቅመም ለለምጽ ሕሙማን በመስጠት ውጤቱን በሕክምና መጽሔት አሳወቁ። ከዚያ በኋላ ጥበቡ ባሕር ተሻገረ። በ1974 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች ይህንኑ ቅመም በክኒን ሰጥተው፣ ሕመምተኛውን ልዩ መብራት በተሰካበት ሣጥን ውስጥ እያቆሙ ሶሪያሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ ማከም ጀመሩ። ሕክምናው «ፑቫ» ይባላል።

በእማማ ዘውዴና በቦስተን ሐኪሞች መካከል ያለው ልዩነት ታዲያ ምንድን ነው? ልዩነቱ ልኩ ነው። ሐኪሙ ቅመሙን በሚሊግራም ይመዝናል፤ ብርሃኑን በሰዓትና በመሣሪያ ይለካል፤ የሕመምተኛውን ዓይን በጥቁር መነጽር ይሸፍናል። በጓሮ ያለችው ጤና አዳም ግን ምን ያህል ቅመም እንደያዘች በቅጠሏ ላይ አልተጻፈም፤ የኮልፌ ፀሐይም ሲበቃ የሚያጠፉት መብራት አይደለም።

ብራናው ሲጣበቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህ ቅመም ሲነቃ በሕዋስ ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

ሰውነትህ ቁጥር ስፍር ከሌላቸው ሕዋሳት የተሠራ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምረሃል። በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል፣ በአስኳሉ ውስጥ፣ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል እጅግ ቀጭን ክር አለ። በአንድ ሕዋስ ያለው ክር ቢዘረጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ክሩ የሕይወት መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል፤ በአራት ፊደላት ብቻ፣ 3 ቢሊዮን በሚያህሉ የፊደል ጥንዶች ተጽፏል። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 እንዳስረዱት፣ ክሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሁለቱ ክሮች ፊደል ለፊደል እየተያያዙ እንደ ገመድ ይጠመዘዛሉ።

ሕዋሱ ሊከፈል፣ ማለትም ከአንድ ሁለት ሊሆን ሲፈልግ፣ አስቀድሞ ይህን መጽሐፍ መገልበጥ አለበት። ለመገልበጥም ሁለቱን ክሮች ፈታቶ ማለያየት ግድ ነው። ነገሩን በአገራችን ምሳሌ እንየው። አንድ የቁም ጸሐፊ የቆየ ብራና ሊገለብጥ ተቀምጧል እንበል። ቀለሙን በጥብጧል፣ ብርዑንም ቀርጿል። መጽሐፉን ሊገልጥ ሲል ግን ሁለቱ ቅጠሎች በሙጫ ተጣብቀው አገኛቸው። በኃይል ቢለያያቸው ብራናው ይቀደዳል፤ ቢተዋቸው ደግሞ ሥራው ይቆማል።

ሶራሌን የሚሠራው ልክ እንደዚህ ሙጫ ነው። ቅርጹ ጠፍጣፋ ስለሆነ በዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት መካከል ሾልኮ ይገባና ይቀመጣል። በጨለማ ከሆነ እንደ ገባ ሊወጣ ይችላል። የሞገዱ ርዝመት ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሆነው፣ በዓይን የማይታየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ግን፣ በአንድ ጎኑ ከአንደኛው ክር ጋር ይጣበቃል። ሁለተኛ ጊዜ ጨረር ሲያገኘው ደግሞ በሌላ ጎኑ ከሁለተኛው ክር ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ ሁለቱ ክሮች በአንድ ላይ ተሰፉ ማለት ነው። (1 ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።)

እንግዲህ መጽሐፉን መግለጥ ያቃተው ሕዋስ መከፈል አይችልም። ስሕተቱን ለማረም ይሞክራል፤ ካልተቻለውም ራሱን በራሱ ያጠፋል። የካንሰር ሕዋስ ደግሞ ጠባዩ ሳያቋርጥ መከፈል ነው። ሌላው ሕዋስ ሲያርፍ እሱ ይገለብጣል፤ ሌላው ስሕተቱን ሲያርም እሱ ብዙ ጊዜ የማረሚያው ሥርዓት ተበላሽቶበታል። ስለዚህ ክሩን የሚያጣብቅ መድኃኒት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እሱን ነው። ብዙዎቹ የተለመዱት የካንሰር መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጭንቀቱ ግን እነዚያ መድኃኒቶች ከደም ጋር መላ ሰውነትን ስለሚዞሩ፣ ፀጉር የሚያበቅለውን፣ ደም የሚሠራውንና አንጀትን የሚሸፍነውን ጤነኛ ሕዋስ ጭምር መምታታቸው ነው። በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት ተስፋ የተጣለበትም ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ በመላ ሰውነት ቢዞርም የሚነቃው ብርሃን በበራበት ቦታ ብቻ ይሆናል።

ይህ ተስፋ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሪቻርድ ኤደልሰን የተባሉት የአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም፣ የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር ሆነው ቆዳን የሚወሩበትን በሽታ ለማከም አንድ ዘዴ አገኙ። የሕመምተኛው ደም በቱቦ ይወጣል፤ ነጩ የደም ሕዋስ ተለይቶ የሶራሌን ዘመድ ከሆነው መድኃኒት ጋር በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ሰውየው ይመለሳል። በብርሃኑ የተጎዱት የካንሰር ሕዋሳት ከመሞታቸውም በላይ፣ የሰውነት መከላከያ ጠላቱን እንዲያውቅ ይረዱታል። የምርምሩ ውጤት በ1987 ታተመ፤ በማግሥቱ ዓመትም የአሜሪካ መንግሥት ሕክምናውን ፈቀደ።

ነጎድጓድ በነበረበት ቀን

በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት ሁሉ ግን የሚመታው ዲ.ኤን.ኤ.ን ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት የሚገድለው በኦክስጅን ነው፤ አገኛኘቱም አስገራሚ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኦስካር ራብ የሚባል ተማሪ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ፣ በመምህሩ በሄርማን ፎን ታፓይነር ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። የተሰጠው ሥራ አክሪዲን የተባለ ቀለም፣ ውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ፓራሚሲየም የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በምን ያህል ጊዜ እንደሚገድል መለካት ነው። አንድ ቀን ፍጥረታቱ ቶሎ ይሞታሉ፤ ሌላ ቀን ግን በዚያው ቀለም ለብዙ ሰዓት ይኖራሉ። ተማሪው ግራ ገባው። ኋላ ቢያስተውል፣ አንደኛው ሙከራ የተደረገው ነጎድጓድና ዝናብ በነበረበት ቀን፣ ብርሃኑ በተለወጠበት ሰዓት ነው። ገዳዩ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ቀለሙና ብርሃኑ በአንድነት መሆናቸውን ተረዳ፤ በ1900ም ይህን አሳተመ። አንተም ተማሪ ከሆንህ ይህን ልብ በል፤ ራብ የማይስማማውን ቁጥር «ተሳስቼ ነው» ብሎ ሰርዞት ቢሆን ኖሮ ይህ ጥበብ በእጁ አይገኝም ነበር።

በ1903 መምህሩ ከአንድ የቆዳ ሐኪም ጋር ሆነው፣ ኢዮሲን የሚባለውን ቀለም በቆዳ ካንሰር ላይ ቀብተው በብርሃን መሞከር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳን ሳንባ ነቀርሳ በብርሃን በማከሙ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1912 ደግሞ ፍሪድሪክ ማየር-ቤትስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከደም የሚገኝ ሄማቶፖርፊሪን የሚባል ቅመም በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ወጋ። ከዚያም ፀሐይ ቢወጣ ፊቱና እጁ አብጦ ለብዙ ሳምንት ተሠቃየ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ቆየ። የቀሰቀሱት በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ የሮዝዌል ፓርክ ተመራማሪ የነበሩት ቶማስ ዶግርቲ ናቸው። በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በ25 ሕመምተኞች ላይ ከነበሩት 113 እባጮች መካከል 111ዱ ፈጽመው እንደጠፉ ወይም እንዳነሱ ገለጡ። ከዚሁ ቅመም የተሠራው ፎቶፍሪን የተባለ መድኃኒት በ1993 በካናዳ ለፊኛ ካንሰር፣ በ1995 በአሜሪካ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ተፈቀደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣል። ከ40 እስከ 50 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ቀጭን የብርሃን ገመድ በአፍ በኩል አውርዶ እባጩ ላይ የ630 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ያበራል። መድኃኒቱ የብርሃኑን ኃይል ተቀብሎ አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ኃይል የተቀበለው ኦክስጅን ዕድሜው ከዓይን ቅጽበት እጅግ ያነሰ ነው፤ ከአንድ ሕዋስ ስፋት አይርቅም። በዚያች ቅጽበት ግን የሕዋሱን ሽፋንና ኃይል ማመንጫ አቃጥሎ ይገድለዋል። ጎረቤት ያለው፣ ብርሃን ያልደረሰው ሥጋ ይተርፋል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። አብዛኛውም ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የሚመጣው እንጀራ መዋጥ አቅቶት፣ ሾርባና ወተት ብቻ ሲቀረው ነው። በብርሃን የሚደረገው ሕክምና በዚያ ደረጃ ላይ ያለን ሰው መዋጥ እንዲችል መንገዱን ይከፍትለታል እንጂ፣ ሥር የሰደደውን በሽታ ነቅሎ አይጥልም። ቀይ ብርሃን በሥጋ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ከአንድ ሴንቲሜትር አያልፍምና።

ሐኪሞችን የሚያሳስባቸውም ይኸው ጥልቀት ነው፤ ኦክስጅን የሌለው እባጭም ሌላው ችግር ነው። እባጭ ሲያድግ መካከሉ ደም ያጥረዋል፤ ደም ካጠረው ኦክስጅንም የለውም። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ፒተር ሳድለርና ባልደረቦቻቸው ኦክስጅን ሳይፈልግ በብርሃን የሚነቃ የፕላቲነም ቅመም ሲመረምሩ ቆይተዋል። ሲስፕላቲን የተባለው የፕላቲነም መድኃኒት ከ1978 ጀምሮ ለካንሰር ሲሰጥ የኖረ ሲሆን፣ የሚሠራውም ዲ.ኤን.ኤ.ን በማጣበቅ ነው፤ ነገር ግን ኩላሊትን፣ ጆሮንና ነርቭን ይጎዳል። አዲሱ ዓይነት በጨለማ እንዲተኛ፣ ብርሃን ሲያገኘው ብቻ የካንሰሩን ዲ.ኤን.ኤ. እንዲይዝ የታሰበ ነው። በዚህም የጤና አዳም ጥበብና የፕላቲነም ኃይል በአንድ ላይ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ባለ ሁለት ስለት

አንባቢ ሆይ፤ እስካሁን የብርሃንን በጎነት ነገርሁህ። ሁለተኛውን ስለት ግን መደበቅ አይገባኝም።

ዲ.ኤን.ኤ.ን ለመጉዳት ፀሐይ የግድ መድኃኒት አያስፈልጋትም። አጭር ሞገድ ያለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ብቻውን በክሩ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን ያጣብቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ይህ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀዝቃዛ ነፋስ ስለነፈሰ ፀሐይዋ የደከመች አይምሰልህ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አብዛኛው ሰው የማይታመመው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቆዳችን ጥቁረት ነው፤ ሜላኒን የሚባለው ቀለም እንደ ጥላ ሆኖ አስኳሉን ይሸፍናል። ሁለተኛው በየሕዋሱ ውስጥ ያለው የጥገና ሥርዓት ነው። የተበላሸውን ፊደል ቆርጦ አውጥቶ በትክክለኛው ይተካል። ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱ ሦስት ሊቃውንት፣ ሊንዳል፣ ሞድሪክና ሳንቻር፣ በ2015 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ሲወለዱ ጀምሮ የጥገናው ሥርዓት የጎደላቸው ሕፃናት አሉ፤ በልጅነታቸው ፀሐይ በነካው ቆዳቸው ሁሉ ላይ ካንሰር ይወጣባቸዋል።

ሲወለዱ ጀምሮ ያ የቀለም ጥላ የሌላቸው ሰዎችም በመካከላችን ይኖራሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። በአንደኛ ክፍል ከፊትህ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳው አይታየኝም ሲል መምህሩ የሚቆጣው ልጅ ምናልባት ከእነሱ አንዱ ነበር። የቀለም ማነስ የዓይናቸውን ብርሃን ያደክማል፤ ቆዳቸውንም ለፀሐይ ያጋልጣል። ፊታቸው፣ ጆሯቸውና አንገታቸው ላይ መጀመሪያ ሻካራ ቅርፊት፣ ቀጥሎም የማይድን ቁስል ይወጣል። ለእነሱ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝና ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ዕድሜ ናቸው እንጂ ጌጥ አይደሉም። በአለርት በር ጥላ ጥላውን የሚሄደው ወጣት የሚሸሸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ?

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ሻካራ ቅርፊት ካንሰር ከመሆኑ በፊት በዚያው በብርሃን ጥበብ ሊታከም መቻሉ ነው። በቅርብ ዓመታት በአውሮፓ በሥራ ላይ የዋለ አንድ ዘዴ አለ፤ ሐኪሙ ቅባት ይቀባል፣ ሕመምተኛውም ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ለ2 ሰዓት ይቆያል፤ ውድ መብራትም አያስፈልግም። ሆኖም በሐኪም ትእዛዝና በልክ ካልሆነ በቀር መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳል። ቀደም ሲል ያነሣሁልህ የፑቫ ሕክምና እንኳ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል፣ ከ1,300 በላይ ሕመምተኞችን የተከታተለው በ1979 የታተመው ጥናት አሳይቷል። ክሩን ማጣበቅ የካንሰርን ሕዋስ ይገድላል፤ በጤነኛው ሕዋስ ላይ ሲደጋገም ግን ስሕተት ይወልዳል። ሐኪሞች ልኩን አጥብቀው የሚጠብቁት ስለዚህ ነው።

ከዚያ በር በስተጀርባ

አሁን ወደ ኮልፌ እንመለስ። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ያለው ይህ ሆስፒታል መነሻው በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ሆስፒታል ነው። ሰፈሩም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1958 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መቋቋሚያ ማዕከል ሆኖ አለርት ተባለ። በግቢው ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1970 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተመሠረተ፤ ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካወቀው ከኖርዌያዊው ሐኪም ነው። ዛሬ ሥጋ ደዌ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ሆስፒታሉም የቆዳን በሽታ ሁሉ ያያል።

ነገር ግን የቀድሞው ፍርሃት ከበሩ አልተነሣም። «አለርት ሄደ» ከተባልሁ ሰው ምን ይለኛል እያለ ቁስሉን በካልሲ ሸፍኖ የሚኖር ስንት አለ! ለምጽንና ሥጋ ደዌን አንድ አድርጎ የሚያይም ብዙ ነው። ለምጽ የቆዳ ቀለም መጥፋት ብቻ ነው፤ አይተላለፍም፣ ጣት አይቆርጥም፣ ዕድሜም አያሳጥርም። እነዚህን ሁለቱን ማደባለቅ ሰውን ከሐኪም ያርቃል፤ ከሐኪም መራቅ ደግሞ ይገድላል።

የሚገድል መሆኑን በአጭሩ ላስረዳህ። በጥቁር ሰው ላይ አደገኛው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ ባየው ፊት ላይ ሳይሆን፣ ማንም በማያየው በውስጥ እግር ወይም በጥፍር ሥር ነው። መጀመሪያ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ለዓመታት ያልዳነ የእግር ቁስልና የቆየ የቃጠሎ ጠባሳም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ሳንቲም ሳያህል የተገኘ እንደሆነ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና አንሥቶት ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል። ወደ ንፍፊቱ ከተዛመተ በኋላ ግን ብርሃንም ሆነ ፕላቲነም ብዙ ላይረዳው ይችላል።

እንግዲህ ተማሪም ሁን የመንግሥት ሠራተኛ፣ በቤትህ ማንበብና መጻፍ የምትችለው አንተ ነህና ሸክሙ በአንተ ላይ ነው። ዛሬ ማታ እግርህን ስትታጠብ ውስጥ እግርህን በመብራት ተመልከት። የእናትህንና የአባትህንም ተመልከትላቸው፤ እግር ማጠብ በአገራችን ልማድ አክብሮት ነውና አያፍሩም። የሚሰፋ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ በቆየ ጠባሳ ላይ የወጣ እባጭ ካየህ «ይለፍለታል» አትበል፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። በጎረቤትህ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ካለ፣ ለበዓል ስጦታ ሰፊ ባርኔጣ ግዛለት።

በምሳሌያችን ወዳሉት ወደ እማማ ዘውዴም ዘንድ ሂድና በአክብሮት እንዲህ በላቸው፦ «እማማ፣ ጤና አዳም ክፉ አይደለችም፤ ለቡናና ለዓይብ የተመረጠች ናት። በቆዳ ላይ ጨምቆ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ግን ሥራው የሐኪም ነው። የልጅቱን ክንድ ነገ ጠዋት አለርት ወስደን እናሳይ፤ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ሰው ቢያየንስ ልጄ?» ይሉህ ይሆናል።

«ይየን፤ እኛም እናያቸዋለን» በላቸው። ከዚያም ጃንጥላ ይዘህ፣ ልጅቱን በጥላው ሥር አድርገህ፣ በዋናው በር ግባ።